ብዥታው የማን ነው? ረጅም ሌንስ በመተማና በአብደራፊ ቆላ

ረጅም ሌንስ ይዘው ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ ወይም ወደ አብደራፊ የወረዱ ፎቶ አንሺዎች ሲመለሱ የሚያሰሙት ስሞታ ተመሳሳይ ነው፤ ሌንሱ 300 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ብዥ ይላል ይላሉ። ጥር 11 ቀን ጎንደር ላይ፣ በአፄ ፋሲል መዋኛ የካህናቱን ጥልፍ ክር በክር ለይቶ ያነሳ ሌንስ፣ መጋቢት ላይ አብደራፊ ሲወርድ ከማሳ ማዶ የቆመ ሰው ፊት መለየት ያቅተዋል። ከዚያ ወይ ጠጋኝ ዘንድ ይሄዳል፣ ወይ በርካሽ ይሸጣል። ብዙ ጊዜ ግን ሌንሱ ምንም አልሆነም። በዚህ ቆላ አየሩ፣ እጁና ፎከሱ ተራ በተራ ሳይመረመሩ ሌንስን መክሰስ ያለ ምስክር መፍረድ ነው። ከሦስቱ ደግሞ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አየሩ ነው።

ከአልጣሽ እንነሳ። በቋራ ወረዳ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰነው፣ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1998 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዱር አንበሳ መኖሩ ሲነገር ቢኖርም በእጅ የሚያዝ ማስረጃ ግን ጠፍቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሃንስ ባወር የመራውና ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት የደገፈው ቡድን የአንበሳ ዱካ አገኘ፤ ፎቶም አገኘ። ፎቶውን ያነሳው ግን ረጅም ሌንስ አልነበረም። እንስሳ ፊታቸው ሲያልፍ በራሳቸው የሚያነሱ፣ ጫካ ውስጥ የሚታሰሩ ወጥመድ ካሜራዎች ናቸው ያነሱት። የእነዚህ ካሜራዎች ሌንስ ትንሽና ተራ ነው። ብልጫቸው አንበሳው በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ በጥቂት ሜትሮች ርቀት መጠበቃቸው ነው። ባለ 600 ሚሊ ሜትር ውድ ሌንስ ያንኑ አንበሳ በቀትር ከ400 ሜትር ቢያነሳው፣ ከቢጫ ሣር መሃል አንድ የሚርገበገብ ቡናማ ነጠብጣብ ከማሳየት ማለፉ ያጠራጥራል።

ርቀቱም ቢሆን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 አንገረብን ጨምሮ የአትባራን ገባሮች እየተከተለ ሲያድን፣ ዝሆን፣ አውራሪስና ቀጭኔ በዚሁ አገር ነበሩ። ዛሬ አብደራፊ ዙሪያ የሚታየው ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ነው። ጫካው ሲመነጠር የተረፈው እንስሳ ከሰው ራቀ፤ እንስሳው ሲርቅ የሌንሱ ፍላጎት ረዘመ። ታምሮን እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ፣ ሲግማ ደግሞ በ2014 ባለ 150-600 ሚሊ ሜትር ዙም አወጡ፤ ኒከን በ2015 ባለ 200-500 አስከተለ። ቀድሞ የትልልቅ መጽሔቶች ፎቶ አንሺዎች ብቻ ይይዙት የነበረው ርዝመት ተራ ገዢ እጅ ገባ። ሌንሱ ሲረዝም ግን በእንስሳውና በካሜራው መካከል ያለው አየር አልቀነሰም። ይልቁንም አየሩም አብሮ ጎልቶ መታየት ጀመረ።

አየሩ የሚያደርገው ይህ ነው። ሙቅ አየር ቀጭን ነው፣ ቀዝቀዝ ያለው ጥቅጥቅ ይላል፤ ብርሃን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር መንገዱ በትንሹ ይታጠፋል። በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት አየሩ ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን የሚለወጠው ከሚሊዮን አንድ ያህል ብቻ ነው። ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ሴንሰሩ ትንሽ በሆነ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ላይ አንዱ ፒክስል 4 ማይክሮን ገደማ ነው፤ በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህች ፒክስል 100 ሜትር ርቆ ካለ ነገር የምትሸፍነው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ስለዚህ ብርሃኑ በመቶ ሜትር ጉዞው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ከመስመሩ ከወጣ ላባው ከጎረቤቱ ላባ ጋር ይደባለቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ የቆላው ሙቀት 40 ዲግሪን ሲያልፍ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ከአየሩ በላይ ይግላል፤ ከመሬቱ የሚነሳው ትኩስ አየር ከላይኛው ጋር እየተደባለቀ ሲርገበገብ በዓይንም ይታያል። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ700 ሜትር ብዙም የማይርቅ፣ ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ መሆኑን ያስታወሰ ሰው አንድ ሌንስ በሁለቱ ከተሞች ለምን ሁለት ዓይነት እንደሚመስል አይገርመውም።

ይህን ከሌንስ ጉድለት መለየት ከባድ አይደለም። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ፣ ትራይፖድ ከሌለ ሰሊጥ በተሞላ ጆንያ ላይ ያስደግፉት (ጆንያው ከርካሽ ትራይፖድ የተሻለ ይይዛል)። በላይቭ ቪው ርቆ ባለ ነገር ላይ ፎከስ ይያዙ፤ ከዚያ ፎከሱን ወደ ማንዋል ቀይረው ቀለበቱን ሳይነኩ፣ ሹተሩን ከ1/1000 በላይ አድርገው ሃያ ያህል ፎቶ በተከታታይ ያንሱ። ኮምፒውተር ላይ ሲያወዳድሯቸው ሁሉም እኩል ከፈዘዙ ነገሩ የሌንስ ወይም የፎከስ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጠርቶ ቀጣዩ ከፈዘዘ፣ ቀጥ ያለው የኔትወርክ ማማ በአንዱ ፎቶ ወደ ግራ በሌላው ወደ ቀኝ ከተወላገደ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ፎከሱ የተቆለፈ ሌንስ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ጠባዩን አይለዋውጥም። ለማረጋገጥ ያንኑ ሌንስ በአሥር ሜትር ርቀት ላይ ይሞክሩት። የዕጣን ዛፍ ቅርፊት እንደ ወረቀት ስለሚላጥ ለዚህ ፈተና የተመቸ ነው፤ የተላጠው ጠርዝ በቅርብ ጥርት ብሎ ከወጣ ሌንሱን ይዘው ወደ ጠጋኝ አይሂዱ።

መድኃኒቱ ብዙ አይደለም፤ ያለውም በአብዛኛው ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ መሬቱ ገና ስላልጋለ አየሩ ይረጋል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትልም ለጥቂት ጊዜ ይረጋጋል፣ ግን አፈሩ የቀኑን ሙቀት ስለያዘ እንደ ጠዋቱ አይሆንም። ዝናብ አቧራውን ያጠበበት፣ መሬቱም አረንጓዴና እርጥብ የሆነበት መስከረም፣ ከመጋቢት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ መቆም ይረዳል፤ የብርሃኑ መንገድ ከመሬት ሲርቅ መርገብገቡ ይቀንሳል። ደረታቸውን መሬት ላይ አድርገው ተኝተው የሚያነሱ ሰዎች ለወፍ ጥሩ ዳራ ያገኛሉ፤ በቀትር ግን ሌንሳቸውን አየሩ በጣም በሚፈላበት ንጣፍ ላይ ነው የሚያኖሩት። በመኪና መስኮት የሚያነሳ ሰው ሞተሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃውም፤ ከጋለው የሞተር ክዳን የሚነሳው አየር በሌንሱ ፊት እንዳያልፍ ወደ ኋላ ወንበር መሄድ አለበት። መስኮቱ ሲከፈት የመኪናው ቀዝቃዛ አየር ከውጭው ሙቀት ጋር የሚጋጨውም እዚያው ሌንሱ አፍ ላይ ነው። ፀሐይ የመታው የሌንስ ጥላም በውስጡ ትኩስ አየር ሊይዝ ስለሚችል፣ ፀሐይ ከኋላ ከሆነች አውልቆ መሞከር ምንም አያስከፍልም።

ጭስና አቧራ ሌላ ጉዳይ ናቸው። በበጋ ሣር ሲቃጠል አድማሱ ሁሉ ወተት ይመስላል፤ ይህ የሚያሳጣው ንጣቱንና ጥቁረቱን እንጂ ጠርዙን አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ንጽጽሩን በመጨመር ከፊሉን መመለስ ይቻላል። የረገበገበ ምስል ግን አይመለስም። አሁን የመጡት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጠሩ ፕሮግራሞች ላባ በሌለበት ላባ ይሠራሉ። ለግድግዳ ጌጥ ይሁን፤ እንስሳ መኖሩን ለሚያስመዘግብ ሰው ግን ፎቶውን ከማስረጃነት የሚያወጣ ነገር ነው።

ወደ እጁ ስንመጣ የድሮው ልማድ ይታወቃል። የሹተሩ ፍጥነት ከሌንሱ ርዝመት አይነስ ይላል፤ ለ300 ሚሊ ሜትር ቢያንስ 1/300 ሰከንድ ማለት ነው። ልማዱ የወጣው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ዘመን ነው። ሴንሰራቸው ትንሽ በሆነ ካሜራዎች ላይ ኒከን ከሆነ በ1.5፣ ካነን ከሆነ በ1.6 ይባዛል፤ 300ው 1/450 ወይም 1/480 ይጠይቃል። የፊልሙ ፎቶ ደግሞ በትንሽ ወረቀት ታትሞ ነበር የሚታየው። ዛሬ ስክሪን ላይ 100 ፐርሰንት አሳድጎ የሚፈርድ ሰው ያንን ፍጥነት ቢያጥፈው አልበዛም። የቆላው ብርሃን ደግሞ ሞልቶ የተረፈ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ ሳለ በኤፍ 8 እና በአይ ኤስ ኦ 400 ከ1/1000 በላይ በቀላሉ ይገኛል። ሆኖም ስንቱ ሰው ኖይዝ ፈርቶ አይ ኤስ ኦውን 100 ላይ እንደቸከለ ይውላል! ኖይዝ ይታጠባል፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን ተንቀጥቅጦ ይቀራል።

ማረጋጊያውም (ኒከን ቪ አር፣ ካነን አይ ኤስ፣ ታምሮን ቪ ሲ፣ ሲግማ ኦ ኤስ የሚሉት) ብዙ ሰው ያታልላል። አራት ስቶፕ ያድናል ማለት በ1/500 ይፈለግ የነበረው በ1/30 ይያዛል ማለት ነው፣ ይህም እጁን ብቻ የሚመለከት ነው። እርኩም በእርጋታ ሲራመድ 1/500 ሊበቃው ይችላል። ማሽላ ላይ ሰፍሮ የነበረ የግሪሳ መንጋ ባንዴ ሲነሳ 1/2000ም አይበዛበትም። የእጅን ንቅናቄ ከእንስሳው እንቅስቃሴ ለመለየት ዙሪያውን ማየት ይበቃል፤ ሣሩ ጠርቶ ወፉ ብቻ ከተሳበ የወፉ እንቅስቃሴ ነው፣ ሣሩም ወፉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳቡ የእጅ ነው። አየሩ ያበላሸው ፎቶ አቅጣጫ የለውም። ቆየት ያሉ ሌንሶች ትራይፖድ ላይ ማረጋጊያቸው ካልጠፋ ራሳቸው ንዝረት ይፈጥራሉ፤ ትራይፖዱም መሃል አንገቱ ተስቦ ነፋስ ላይ ከቆመ ከእጅ አይሻልም።

ፎከስ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። መስታወት ባላቸው ዲ ኤስ ኤል አር ካሜራዎች ፎከሱን የሚለካው ሴንሰር ከመስታወቱ ሥር ለብቻው የተቀመጠ ነው፤ ፎቶውን የሚቀበለው ሌላ ነው። የሁለቱ ርቀት በጥቂቱ ከተዛባ ካሜራው «ያዝኩ» ብሎ ድምፅ ያሰማል፣ ጥርት ያለው ግን ጆሮው ወይም የአፍንጫው ጫፍ ይሆናል። ሚረርለስ ካሜራዎች የሚለኩት በዋናው ሴንሰር ላይ ስለሆነ ይህ ስሕተት በእነሱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ካነንና ኒከን እ.ኤ.አ. በ2018 በትልቅ ሴንሰር ወደ ሚረርለስ ከዞሩ ወዲህ ያገለገለ ዲ ኤስ ኤል አር ዋጋው ወርዷል፤ ስለዚህ የቆየው ችግር ዛሬ ወደ ትንንሽ ከተሞች ስቱዲዮ እየወረደ ነው ማለት ይቻላል።

ፈተናው አንድ ነው። በጠዋት፣ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፎ በአሥር ሜትር ርቀት፣ ሌንሱን ጫፉ ድረስ አስረዝሞና አፐርቸሩን ሙሉ ከፍቶ መጀመሪያ በላይቭ ቪው ፎከስ ይዞ ማንሳት። ቀጥሎ ፎከሱን ሆን ብሎ አበላሽቶ በመመልከቻው በኩል እንደገና ማስያዝና ማንሳት፤ ይህንኑ ደጋግሞ። የላይቭ ቪው ፎቶ ፊደሉን አጥርቶ የመመልከቻው ፎቶ ሁልጊዜ ከፈዘዘ ሌንሱ ጤነኛ ነው፤ ያልተግባቡት ሌንሱና ቦዲው ናቸው። ኒከን ዲ300፣ ካነን 7ዲና 5ዲ ማርክ 2 ይህን የሚያስተካክል ሜኑ አላቸው፤ 5ዲ ማርክ 3 ደግሞ ለዙም ሌንስ ሁለት ቁጥር፣ አንድ ለአጭሩ አንድ ለረጅሙ ጫፍ ይቀበላል። የኒከን 3000 እና 5000 ተርታ ካሜራዎች ሜኑው የላቸውም። ሲግማ ለአንዳንድ የዲ ኤስ ኤል አር ዙሞቹ በዩ ኤስ ቢ የሚገናኝ መሣሪያ አውጥቷል፤ በአራት የዙም ርዝመትና በአራት ርቀት፣ በድምሩ 16 ቦታ ማስተካከል ያስችላል። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ የተስተካከለ ሌንስ ሃምሳ ሜትር ላይ ልክ ይሆናል ብሎ መተማመን ግን አይገባም።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ሌላው ነገር ጥርት ብሎ የሚወጣው ክልል ጥበት ነው። ሴንሰሩ ትንሽ በሆነ ካሜራ፣ በ300 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 5.6፣ አሥር ሜትር ላይ ያለ ነገር በተለመደው የኅትመት መለኪያ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይኖረዋል። ፒክስል በፒክስል ለሚያይ ሰው ግን ይህ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የወፍ ራስና ጅራት በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ጅራቱ ፈዘዘ ተብሎ ሌንስ አይከሰስም። በአልጣሽ ረጅም ሣር ውስጥ ደግሞ ካሜራው ከእንስሳው በፊት ያለውን አገዳ ይይዛል፤ የፎከስ ነጥቡን አንድ ብቻ አድርጎ በሣሩ ክፍተት ዓይን ላይ ማሳረፍ ካልተቻለ በእጅ ማዞር ይሻላል።

የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያዎችን የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ ሲጻፍበት ብዙም አላየሁም። በድሮው የቪዲዮ ካሜራ ሙሽራዋን በዙም አቅርቦ ፎከስ መያዝና ከዚያ ወደ ኋላ መመለስ ትክክለኛ ሙያ ነበር፤ ዙሙ ሲለወጥ ፎከሱ አይለወጥም። ለፎቶ የተሠሩት አብዛኞቹ ዙም ሌንሶች ግን እንዲህ አይደሉም። 200 ላይ የተያዘ ፎከስ 70 ላይ ሲመለሱ ይሸሻል። ሌንሱ ተበላሸ ተብሎ የሚመጣው ቅሬታ ከፊሉ ይህ የቆየ እጅ ልማድ ነው። ተመሳሳዩ ነገር ከሩቅ ማንሳት ላይም አለ። ረጅም ሌንሶች ሙቀት ሲለጥጣቸው ሩቁን እንዳያጡ ተብሎ ቀለበታቸው ከሩቁ ምልክት አልፎ እንዲዞር ተደርገው ነው የሚሠሩት። ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዙሮ ተራራ ያነሳ ሰው ብዥ ያለ ተራራ ያገኛል።

አሁን ሌንሱ ራሱ። የወደቀ ወይም ውስጡ የተናጋ ሌንስ ምልክቱ አንድ ወገን ጠርቶ ሌላው ወገን መፍዘዙ ነው። ንጋት ላይ ሩቅ አድማስ ወይም ሰፊ ግድግዳ በኤፍ 5.6 ማንሳት፣ ከዚያ ካሜራውን ገልብጦ መድገም። ፍዘቱ ከካሜራው ጋር ከተገለበጠ የሌንሱ ነው፤ እዚያው ግድግዳው ላይ ከቀረ ካሜራው ቀጥ ብሎ አልቆመም። ከሌንሱ ፊት ያለ ርካሽ ፊልተር ግን ከሁሉ በፊት ይውለቅ፤ በ50 ሚሊ ሜትር የማይታወቅ መስታወት በ400 ላይ ምስሉን ያጠፋል። የአቧራን ነገር ሰዎች ከልክ በላይ ይፈራሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ካነን 100-400 በመግፋትና በመሳብ የሚሠራ ስለነበር «የአቧራ ፓምፕ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር፤ በውስጡ የገባው ጥቂት አቧራ ግን ጥራቱን እምብዛም አይነካም። የሚያስፈራው በክረምት እርጥበት የሚበቅለው ሻጋታ ነው፤ በባትሪ መብራት ከኋላ ሲታይ እንደ ድር ይዘረጋል።

አንዳንዱ ሌንስ ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ደካማ ነው። የካነን 75-300 በ300 ላይ ሙሉ ተከፍቶ ለስላሳ ነው፤ ይህ አሠራሩ ነው። ኤፍ 8 ላይ ይሻላል፤ ኤፍ 22 ላይ ደግሞ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲበተን መልሶ ይፈዛል። ገንዘብ ያነሰው ሰው ባለ 55-250 ኤስ ቲ ኤሙን ቢገዛ በእኔ ግምት አይጸጸትም። ፎቶውን በቴሌግራም ተቀብሎ «ብዥ ብሏል» የሚል ደንበኛም ካለ፣ ክርክር ከመጀመር በፊት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ ነው፤ ቴሌግራም ፎቶን አሳንሶና ጨምቆ ነው የሚያደርሰው።

ያገለገለ ረጅም ሌንስ ለመግዛት ከገንደ ውሃ ወይም ከአብደራፊ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው የሱቅ ውስጥ ሙከራን አይመን። በሦስት ሜትር ርቀት፣ በአምፖል ብርሃን፣ ሁሉም ሌንስ ደህና ይመስላል። የራሱን ቦዲ ይዞ፣ በጠዋት ደጅ ወጥቶ፣ ሃምሳ ሜትር ላይ ያለ ታፔላ በሁሉም የዙም ርዝመት ያንሳ፤ አራቱን ማዕዘን ያወዳድር፤ ሜሞሪውን ይዞ ሄዶ ትልቅ ስክሪን ላይ ሳያይ ገንዘብ አይክፈል። ሻጩ ሌንሱን ከሱቅ ለማውጣት ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ አለ። ወደ ቆላ ሲመለስ ደግሞ ሌንሱን የሚሞክረው የድንበር ኬላው አካባቢ ባይሆን፣ ከወረዳው ወይም ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ደብዳቤም ኪሱ ውስጥ ቢኖር ይመረጣል፤ ከሩቅ ለሚያየው ዘበኛ ባለ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካሜራ አይመስልም።